የዲሲ የፍሳሽ ቱቦ ዕዳ ማን ላይ ነው የሚያርፈው?

እትዬ የሚኖሩት ሰሜን ምሥራቅ ዋሽንግተን ውስጥ ነው። ቤታቸው ግራና ቀኙን ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ጠባብ የጡብ ቤት ነው። ልጆቹ ወጥተዋል፤ ብቻቸውን ናቸው። ባለፈው ቅዳሜ ቡና እያፈሉ የውሃ ቢላቸውን አምጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉልኝ። መነጽራቸውን አስተካክለው አንድ መስመር ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

«ልጄ፣ ውሃውስ ይሁን። ጠጥቻለሁ፣ አጥቤበታለሁ። ይሄ ግን የምንድን ነው?»

መስመሩ «ክሊን ሪቨርስ አይ ኤ ሲ» ይላል፤ ወንዞቹን ለማጽዳት የሚከፈል ነው። ከተጠቀሙበት ውሃ ጋር ግንኙነት የለውም። የሚሰላው በጣሪያቸውና በጓሯቸው ሲሚንቶ ስፋት ነው። ይህን ስነግራቸው ይበልጥ ግራ ገባቸው። አቦል ላይ የጀመርኩት ማብራሪያ በረካ ላይም አላለቀም። የቀረውን እዚህ ልጻፈው፤ የእትዬን ጥያቄ የሚጠይቅ ብዙ ሰው እንዳለ አውቃለሁና። ዲሲ ቤት የገዛ ይህን ክፍያ ይከፍላል። ተከራይም በኪራዩ ውስጥ ሳያየው ይከፍለዋል። ሰፊ ፓርኪንግ ያለው ቤተ ክርስቲያን የሚያስተዳድር ደግሞ ወፈር ያለውን ይከፍላል። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከመሬት በታች ነው። ዲሲ ወደ 1,900 ማይል የሚሆን የፍሳሽና የጎርፍ ቱቦ አላት። ከመካከሉ ከመቶ ዓመት በላይ ያገለገለ አለ። የከተማዋ አንድ ሦስተኛ የሚሆነው ደግሞ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ልማድ የተሠራ ነው። የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽና የዝናብ ጎርፍ በአንድ ቱቦ ይሄዳሉ። ፀሐይ በወጣበት ቀን ችግር የለም፤ ሁሉም ብሉ ፕሌንስ ወደሚባለው ማጣሪያ ጣቢያ ይደርሳል። ዶፍ ሲጥል ግን ቱቦው ይሞላል። የሞላ ቱቦ ወይ ወደ ሰው ቤት ይመለሳል፣ ወይ ወደ ወንዝ ይወጣል። የዚያ ዘመን መሐንዲሶች ወንዙን መረጡ። ወደ አናኮስቲያ፣ ወደ ፖቶማክና ወደ ሮክ ክሪክ የሚከፈቱ መውጫዎች ሠሩ። በዚህ ምክንያት በዓመት በቢሊዮን የሚቆጠር ጋሎን ከሽንት ቤት ፍሳሽ ጋር የተቀላቀለ ጎርፍ ወንዞቹ ውስጥ ይገባ ነበር።

አንዳንዴ ደግሞ ወንዙ አልበቃ ይላል። በ2012 ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር ብሉሚንግዴልና ለድሮይት ፓርክ ሰፈሮች ደጋግመው ተጥለቀለቁ። ውሃው ከሰማይ ብቻ አልመጣም። በቤዝመንቱ ወለል ማስወገጃ ቀዳዳ በኩል ከታች ወደ ላይ ፈላ። ፍራሽ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ የልጆች ፎቶ፣ ሁሉም በፍሳሽ ውሃ ተነከረ። ቤዝመንት ያከራየ ወይም ቤዝመንት ተከራይቶ የኖረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ታዲያ ለምን ቀድሞ አልተጠገነም? መልሱ ገንዘብ ነው፤ ግን የገንዘቡ ታሪክ ራሱ ጠመዝማዛ ነው። በ1972 የወጣው የንጹሕ ውሃ ሕግ የፌዴራል መንግሥት ለማጣሪያ ጣቢያ ግንባታ እስከ 75 በመቶ ወጪ እንዲሸፍን አድርጎ ነበር። ያ ወርቃማ ጊዜ ነበር። በመላው አሜሪካ ብዙ ጣቢያ የተሠራው በዚያ ገንዘብ ነው። በ1987 ግን ሕጉ ተሻሻለና ስጦታው ቀስ በቀስ ወደ ብድር ተለወጠ። ከዚያ በኋላ ሸክሙ ወደ ከተሞቹ፣ ከከተሞቹም ወደ ቢል ከፋዩ ወረደ።

በዲሲ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ ተደረበበት። የፍሳሹ ሥራ የከተማው አስተዳደር አንድ ክፍል ነበር። በ1990ዎቹ ከተማዋ ገንዘብ ሲያጥራት ሕዝቡ ለውሃ የከፈለው ብር ለሌላ ጉዳይ ይውል ነበር። ቱቦ ዝም ብሎ ይበሰብሳል እንጂ ሰልፍ አይወጣም። ስለዚህ የእሱ ብር ሲወሰድ የሚጮህ የለም። በ1996 ሥራው ራሱን ለቻለ መሥሪያ ቤት ተሰጠ፤ ዛሬ ዲሲ ዎተር የሚባለው እሱ ነው። የራሱ ካዝና አለው፣ ታሪፉን የራሱ ቦርድ ይወስናል፣ በራሱ ስም ይበደራል። እኔ ከሁሉ የሚበልጠው ውሳኔ ይሄ ነበር ባይ ነኝ። ቀጥሎ የመጣው ሁሉ ያለ እሱ አይታሰብም። ለውሃ የተከፈለ ብር ውሃው ላይ ካልዋለ ማን ያበድራል?

በ2005 ነገሩ ግዴታ ሆነ። መሥሪያ ቤቱ ከአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲና ከፍትሕ ሚኒስቴር ጋር በፍርድ ቤት የጸና ስምምነት ገባ። ወደ ወንዞቹ የሚፈሰውን በጥቅሉ 96 በመቶ፣ ወደ አናኮስቲያ የሚፈሰውን ደግሞ 98 በመቶ ሊቀንስ ተስማማ። የመጨረሻው ቀን አሁን 2030 ነው። ክሊን ሪቨርስ የሚባለው ፕሮጀክት ይህ ነው። ወጪው ቀደም ሲል 2.6 ቢሊዮን ዶላር ተብሎ ነበር፤ አሁን ከ3 ቢሊዮን አልፏል። ፌዴራል መንግሥቱ የተወሰነ አዋጥቷል። አብዛኛው ግን የዲሲ ነዋሪ ዕዳ ነው።

እንግዲህ 700 ሺህ ገደማ ሕዝብ ይህን ያህል ገንዘብ ከየት ያመጣል? ከኪሱ በአንዴ አያወጣም። ይበደራል። ዲሲ ዎተር በ2014 ያደረገው ብድር ግን ያልተለመደ ነበር። 350 ሚሊዮን ዶላር ለመቶ ዓመት ተበደረ። አዎ፣ መቶ ዓመት። የአሜሪካ የከተማ ውሃ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ ቦንድ ሲሸጥ የመጀመሪያው ነበር። ወለዱ 4.8 በመቶ ገደማ ነው። ዋናው ገንዘብ የሚመለሰው በ2114 ነው።

ስሌቱን ከእትዬ ጋር በናፕኪን ላይ ሠራነው። 350 ሚሊዮን ሲባዛ በ4.8 በመቶ በዓመት ወደ 17 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ይመጣል። በመቶ ዓመት ከ1.6 ቢሊዮን በላይ ማለት ነው። ከዚያ ዋናው ገና ይቀራል። እትዬ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «የልጅ ልጆቻችንን አስያዝናቸው በለኛ!» አሉ።

ሲሰሙት ያስደነግጣል፤ እኔም መጀመሪያ ደንግጫለሁ። ግን ብድሩ የዋለበትን ነገር ማየት ያስፈልጋል። የዋለው ከመሬት በታች ለሚቆፈር ዋሻ ነው፤ ዋሻው ደግሞ ቢያንስ መቶ ዓመት እንዲያገለግል ታስቦ የተሠራ ነው። በ2060 የሚወለደው ልጅ ይጠቀምበታል። ሁሉንም ወጪ እትዬና የእሳቸው እኩዮች በሃያ ዓመት ከፍለው ይጨርሱ ቢባል ጡረተኛው ገና ላልተወለደው ከፈለ ማለት ነው። በዚያ ላይ የዛሬ 350 ሚሊዮን በ2114 ያለው ዋጋ አንድ አይሆንም፤ የኑሮ ውድነቱ ይሸረሽረዋል። ስለዚህ ለዋሻው የመቶ ዓመት ብድር ፍትሐዊ ነው እላለሁ። ለፓምፕ፣ ለኮምፒዩተርና በሃያ ዓመት ለሚያረጅ ዕቃ ግን እንዲህ ያለ ብድር መውሰድ ነውር ነው። ያን ጊዜ ልጆቻችን የሌለ ዕቃ ዕዳ ይከፍላሉ።

በ2016 ደግሞ ሌላ ዓይነት የቦንድ ሙከራ መጣ። መጠኑ ትንሽ ነው፣ 25 ሚሊዮን ዶላር። ገዢዎቹ ጎልድማን ሳክስና ካልቨርት ፋውንዴሽን ነበሩ። ብሩ የዋለው ውሃ ለሚያሰርጉ መንገዶችና ለዝናብ ውሃ መሳቢያ የአትክልት ቦታዎች ነው። አዲሱ ነገር ውሉ ላይ ነው። ሥራው ጎርፉን ከ41 በመቶ በላይ ከቀነሰ ዲሲ ዎተር ለአበዳሪዎቹ 3.3 ሚሊዮን ዶላር ይጨምራል። ከ18.6 በመቶ በታች ከሆነ ደግሞ አበዳሪዎቹ ያንኑ ያህል ለዲሲ ዎተር ይከፍላሉ። በ2021 ሲለካ ወደ 20 በመቶ ሆነ። ማንም ለማንም አልከፈለም። ውጤቱ ከታችኛው መስመር ለጥቂት ነው ያለፈው። ግን አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት «ሥራዬ ባይሳካ አደጋውን ባለሀብቱም ይጋራ» ብሎ ውል መፈረሙን ወድጄዋለሁ።

አሁን ወደ እትዬ መስመር ልመለስ። ብድር ቢወሰድም የሚከፍለው ሰው ያስፈልጋል። ድሮ የፍሳሽ ክፍያ የሚሰላው በተጠቀሙት ውሃ ነበር። ብዙ ውሃ ከቀዳህ ብዙ ፍሳሽ ትለቃለህ፤ ነገሩ ቀላል ነው። የክሊን ሪቨርስ ችግር ግን የሚመጣው ከቧንቧ ውሃ አይደለም፤ ከዝናቡ ነው። ዝናቡ አፈር ላይ ሲያርፍ ይሰርጋል። ጣሪያ፣ አስፋልትና ሲሚንቶ ላይ ሲያርፍ ግን ወደ ቱቦው ይሮጣል። አንድ ሰፊ ፓርኪንግ አስቡ። ቧንቧ የለው፣ ሽንት ቤት የለው። በድሮው ስሌት አንድ ሳንቲም አይከፍልም። ዶፍ ሲጥል ግን ቱቦውን የሚሞላው እሱ ነው።

ስለዚህ በ2009 ክፍያው በመሬቱ ስፋት እንዲሆን ተደረገ። መለኪያው 1,000 ስኩዌር ፊት ውሃ የማያሰርግ ገጽ ነው። ሲጀመር ለዚያ መለኪያ በወር 1 ዶላር ከ24 ሳንቲም ነበር። በ2018 ከ25 ዶላር አለፈ። በዘጠኝ ዓመት ሃያ እጥፍ ማለት ነው። የእትዬ ቤት ትንሽ ስለሆነ አንድ መለኪያ ብቻ ይቆጠርበታል። ጣሪያውና ፓርኪንጉ 40,000 ስኩዌር ፊት የሆነ ቤተ ክርስቲያን ግን በ2018 ዋጋ በወር 1,000 ዶላር ይመጣበታል። ከምእመናን አሥራትና ሙዳየ ምጽዋት ለሚኖር ቤት ይህ ቀልድ አይደለም። በከተማዋ ያሉ አብያተ ክርስቲያናትና የመቃብር ስፍራዎች አቤቱታ ማሰማታቸውም ለዚህ ነው። መቃብር ሰፊ ሣር አለው፤ መንገዶቹ ግን ይቆጠራሉ።

አቤቱታው ተሰማ። ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች የድጎማ ፕሮግራም ተከፈተ። ከ2020 ጀምሮ ደግሞ ከወጪው ከፊሉ ከመሬት ስፋት ወደ ውሃ ፍጆታ ተመለሰ፤ መጀመሪያ 18 በመቶ፣ ከዚያ እየጨመረ 37 በመቶ። የመሬቱ ክፍያም ለጥቂት ዓመታት ቀነሰ።

እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ እንዲያስብ እፈልጋለሁ። ወጪው አልጠፋም፤ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ዞረ። ባለ ሰፊ ፓርኪንጉ ተነፈሰ። አምስት ልጆች ይዞ ትንሽ ቤት ውስጥ የሚኖረው፣ ልብስ ማጠቢያው ቀን ተሌት የሚዞርበት ቤተሰብ ጨመረ። ይህን ቤተሰብ ሁላችንም እናውቀዋለን። እኔ በበኩሌ ክፍያው በመሬት ስፋት ቢሆን እመርጣለሁ። ጎርፉን የሚያመጣው እሱ ነውና። ለቤተ ክርስቲያንና ለድሃ ቤተሰብ የሚደረገው ድጋፍ ደግሞ ራሱን ችሎ በግልጽ ይደረግ። ስሌቱን ማደባለቅ ማን ለማን እየከፈለ እንደሆነ ይሸፍናል።

ገንዘቡ ምን ሠራ? ትልቁ ሥራ ዋሻዎቹ ናቸው። ወንዙ ዳር ያሉትን መውጫዎች የሚጠልፉ፣ 23 ጫማ ስፋት ያላቸው ዋሻዎች ናቸው፤ የሜትሮ ባቡር ያሳልፋሉ። ዶፍ ሲጥል ውሃው ወደ ወንዙ መውጣቱን ትቶ እዚያ ይገባል። በራሱ ቁልቁለት ወደ ብሉ ፕሌንስ ይወርድና በፓምፕ ተስቦ ይጣራል። ቆፋሪዎቹ ማሽኖች የሴት ስም ተሰጥቷቸዋል። አንዷ ሌዲ በርድ ነበረች፤ ሌላዋ በከተማዋ ለጥቁር ሴት ልጆች ትምህርት ቤት በከፈቱት በናኒ ሄለን ቡሮውስ ስም ናኒ ተባለች። የአናኮስቲያ የመጀመሪያው ክፍል በማርች 2018 ሥራ ጀመረ። ብሉሚንግዴልን የሚያድነው የሰሜን ምሥራቁ ዋሻ በሴፕቴምበር 2023 ተጨመረ። የአናኮስቲያው ዋሻ በጠቅላላው 13 ማይል ነው፤ 190 ሚሊዮን ጋሎን ይይዛል። ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከ10 ቢሊዮን ጋሎን በላይ ወደ ወንዙ እንዳይገባ አስቀርቷል። አሁን ተራው የፖቶማክ ነው፤ 5.5 ማይል የሚሆን ዋሻ።

ብሉ ፕሌንስም ተለውጧል። ጣቢያው የተከፈተው በ1930ዎቹ መጨረሻ ነው። ዛሬ ከዲሲ ሌላ የአጎራባቾቹን ካውንቲዎች፣ የሞንትጎመሪን፣ የፕሪንስ ጆርጅስን፣ የፌርፋክስንና የላውደንን ፍሳሽ ይቀበላል። በዓይነቱ በዓለም ትልቁ ነው ይባላል። ሞንትጎመሪ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ወገናችን የእትዬን መስመር አያይም፤ እሱ የሚከፍለው ደብሊው ኤስ ኤስ ሲ ዎተር ለሚባለው ለራሱ አካባቢ የውሃ መሥሪያ ቤት ነው። ያ መሥሪያ ቤት ግን ከብሉ ፕሌንስ ወጪ ከ40 በመቶ በላይ ይሸፍናል። የዲሲ ዎተር ቦርድ 11 ዋና አባላት ሲኖሩት አምስቱ ከነዚሁ አጎራባች ካውንቲዎች የሚመጡት ለዚህ ነው።

በ2015 እዚያ የተጀመረው ሥራ ይገርመኛል። ከፍሳሹ የሚቀረው ጭቃ በትልቅ ፕሬዠር ኩከር ውስጥ በግፊት ይቀቀላል። ከዚያ በጋን ውስጥ እንደ ሊጥ ይብላላል። ከመብላላቱ ጋዝ ይወጣል፤ ጋዙ ተርባይን ያዞራል። ወደ 10 ሜጋዋት ኤሌክትሪክ ይገኛል፤ የጣቢያውን አንድ ሦስተኛ ፍላጎት ይሸፍናል። በሰሜን አሜሪካ የመጀመሪያው ነበር። ወጪው 470 ሚሊዮን ዶላር ነው። የተረፈው ጭቃ ንጹሕ ስለሚሆን «ብሉም» ተብሎ ለአትክልት አፈር ይሸጣል። ያረጀ መሠረተ ልማት ማደስ ሲባል የድሮውን መልሶ መትከል ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

የሚያሳስበኝ የትንንሾቹ ቱቦዎች ነገር ነው። ዋሻ ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል። ሰፈር ውስጥ ያለች ስምንት ኢንች የሸክላ ቱቦ ስትታደስ ማንም አያጨበጭብም። ባለፈው ዓመት ሰፈሬ አንድ የጭነት መኪና ማንሆል አጠገብ ቆሞ አየሁ። ሠራተኞቹ ባለ ጎማ ትንሽ ሮቦት በገመድ ወደ ታች አወረዱ። መኪናው ውስጥ ስክሪን አለ። ጠጋ ብዬ እንዳይ ፈቀዱልኝ። የቱቦው መገጣጠሚያ ላይ የዛፍ ሥር እንደ ፀጉር ተንጠልጥሏል። ጥቂት ራቅ ብሎ የቱቦው ጣሪያ ተሰንጥቋል። ከላይ እኮ መኪና ያልፋል፣ ልጆች ይጫወታሉ።

ከሳምንታት በኋላ ተመለሱ። ቆፍረው ያወጡታል ብዬ ነበር፤ አልቆፈሩም። በሙጫ የተነከረ ረጅም የጨርቅ ካልሲ አመጡ። በማንሆሉ በኩል እየገለበጡ ቱቦው ውስጥ በግፊት አስገቡት። ጨርቁ የአሮጌውን ቱቦ ግድግዳ ተለጠፈ። ከዚያ በእንፋሎት አሞቁት፤ ደርቆ እንደ ድንጋይ ጠነከረ። በመጨረሻ ሮቦቷ ተመልሳ ገብታ ከየቤቱ የሚመጣውን ቱቦ አፍ ከፈተች። በአሮጌው ውስጥ አዲስ ቱቦ ተወለደ። ሁሉም በአንድ ቀን አለቀ።

ይህ ዘዴ ከመቆፈር በጣም ይረክሳል። ግን በጊዜው ከተደረሰ ብቻ ነው። ትልልቆቹ የኮንክሪት ቱቦዎች ጠላታቸው ጋዝ ነው። ፍሳሹ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ያወጣል። የቱቦው ጣሪያ ላይ ያሉ ባክቴሪያዎች ጋዙን ወደ ሰልፈሪክ አሲድ ይለውጡታል። አሲዱ ኮንክሪቱን ይበላል፤ ብረቱ ይጋለጣል። ከደለስ ኤርፖርት አካባቢ የሚመጣው የ54 ማይሉ ፖቶማክ ኢንተርሴፕተር በ1960ዎቹ የተሠራ ነው። እንዲህ ያለ መስመር ከፈረሰ ፍሳሹ የሚሄደው ወደዚያው የሚጸዳው ወንዝ ነው። ለዚህ ነው የጥገና በጀት ለአንድ ዓመት እንኳ መዝለል የለበትም የምለው። የታሪፍ ጭማሪ ሲመጣ ቅድሚያ የምጠይቀውም ይህን ነው፤ ከጭማሪው ስንቱ ለቱቦ እድሳት ይሄዳል?

ከእኛም የሚጠበቅ አለ። የኛ ወጥ ቤት ቅቤና ዘይት አይለየውም። የዶሮ ወጥ ድስት በሙቅ ውሃ አለቅልቆ ሲንኩ ውስጥ መድፋት ልማዳችን ነው። ቅቤው ቀዝቃዛ ቱቦ ሲነካ ይረጋል። በላዩ ላይ «ሽንት ቤት ውስጥ ይጣላል» የተባለው እርጥብ መጥረጊያ ይጠመጠማል። ከዚያ ቱቦው ተዘግቶ ፍሳሹ ወደ ቤዝመንት ይመለሳል። ድስቱን በወረቀት ጠርጎ ወረቀቱን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ መክተት ይበቃል። ቤዝመንት ያላችሁ ደግሞ ፍሳሽ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክለውን ቫልቭ ለማስገጠም የቧንቧ ባለሙያ አማክሩ። ግቢያችሁ ውስጥ ያለው ቱቦ የእናንተ ንብረት ነው፤ ሲሰበርም ወጪው የእናንተ ነው።

የዝናብ ውሃ በበርሜል የሚያጠራቅም ወይም ሲሚንቶውን ውሃ በሚያሰርግ ንጣፍ የሚቀይር ቤት ከእትዬ መስመር እስከ 20 በመቶ ቅናሽ ማግኘት ይችላል። ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ነዋሪ ደግሞ ካፕ የሚባል የቅናሽ ፕሮግራም አለለት፤ ማመልከቻው የሚቀርበው ለከተማዋ የኃይልና የአካባቢ መምሪያ ነው። ብዙ ወገኖቻችን መኖሩን ስለማያውቁ ዓመታት ሙሉውን ሲከፍሉ ኖረዋል።

እትዬም አያውቁም ነበር። ሲኒው ከተነሳ በኋላ ቅጹን በስልኬ ከፈትኩት። የጡረታ ወረቀታቸውን ከመሳቢያ አወጡ፤ ቁጥሩን እያነበቡልኝ ሞላሁት። መልሱ ሲመጣ እንዳነብላቸው ነግረውኛል።